የላንድክሩዘሩ የቀድሞ ሥራ

ሲሪንቃ በወልድያና በመርሳ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። መንገድ ዳር ለቆመ ሰው የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ዶልፊን፣ ባጃጅ። በመሀል ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ነጭ ቀለሙ ወደ አፈር ያደላ ላንድክሩዘር ብቅ ይላል። በሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ከሌላው ገላው የነጣ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቦታ ያገኝበታል። የመሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት ዓርማ ለዓመታት ከፀሐይ ከልሎት የኖረ፣ መኪናው ሲሸጥ የተላጠ ቦታ ነው።

አብዛኛው ገዢ ያንን ምልክት በቀለም ለማጥፋት ይቸኩላል። ያረጀ ላንድክሩዘር ሊገዛ የመጣ ሰው ግን አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው እሱኑ ነው ባይ ነኝ። ዓመተ ምርቱን ሊብሬው ይናገራል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። መኪናው ከምን ሥራ እንደወጣ ማወቅ ግን የትኛው ዕቃ እንዳለቀ፣ የትኛው ገና ዕድሜ እንዳለው ለመገመት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ከማሽኑ ጋር እንተዋወቅ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካንን የጦር ጂፕ የመሰለ መኪና ሠርቶ ቢጄ አለው። ጂፕ የሚለው ስም ባለቤት ስለነበረው በ1954 ላንድክሩዘር የሚለው ስም ወጣ። ከ1960 ጀምሮ አርባ ተብሎ የሚታወቀው ተከታታይ ሞዴል ዓለምን ዞረ። ዛሬ በሰሜን ወሎ ኮረብታ ላይ የምናየው አብዛኛው ግን የሰባው ተከታታይ ነው። ይህ ሞዴል ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 ነበር። በኛ አቆጣጠር 1977 ማለት ነው፤ ወሎ ያን ዓመት በሌላ ምክንያት አይረሳውም። በዚያ ድርቅ ጊዜ እህልና ሐኪም ይዘው የሚመላለሱት የቀደሙት ሞዴሎች ነበሩ። አዲሱ መኪና ወደዚህ አገር የገባው ከዚያ በኋላ፣ በአብዛኛው በመሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት በኩል ነው።

ከእሱ በፊት ዳገቱን የሚያውቁት ሌሎች ሁለትም ነበሩ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደው የእንግሊዙ ላንድሮቨር ነው፤ ገላው አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አይበላውም። ሌላው ከ1972 ጀምሮ ኡሊያኖቭስክ ከሚባል የሶቪየት ከተማ የሚወጣው ዋዝ ነው፤ ከደርግ ሠራዊት ጋር መጥቶ የደርግን ዘመን ሁሉ ሲያገለግል ኖረ። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ዛሬ ግን ላንድሮቨር ወይም ዋዝ ገዝቶ ወልድያ ላይ ማስጠገን ማለት መለዋወጫውን በየጓሮው ከቆሙ የሞቱ መኪናዎች መፈለግ ማለት ነው። የላንድክሩዘር ፊልትሮ ግን መርሳ ላይ ባይገኝ እንኳ ወልድያ አይጠፋም፤ ወልድያ ቢጠፋ ደሴ አለ። መኪናውን እዚህ አገር ያነገሠው ከጥንካሬው ይልቅ ይኸው ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ልቡ ሞተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው ዋን ኤችዜድ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ስድስት ሲሊንደር ሲኖረው ይዘቱ 4,164 ሲሲ ነው። ቱርቦ የለውም፤ ኮምፒዩተር የለውም። ናፍጣውን የሚረጨው ፓምፕ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ለመሥራት የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ከፓምፑ ላይ ያለችውን የናፍጣ መዝጊያ ከፍታ የምትይዝ አንዲት ሽቦ ብቻ ናት። (ያቺ ሽቦ ስትላቀቅ ሞተሩ ድርግም ይላል፤ ያንን የማያውቅ ሹፌር ፓምፑን ሊያስወርድ ይችላል።) ጉልበቱ ከ130 የፈረስ ጉልበት ብዙ አይርቅም። ለዚያ ሁሉ ብረት ይህ ጥቂት ነው፤ ፍጥነት የሚወድ ሰው ሌላ መኪና ይፈልግ። ሞተሩ ሳይጣደፍ፣ ሳይጨነቅ ስለሚሠራ ግን ዕድሜው ረጅም ነው።

የሞዴሉን ዘመን ለመለየት ገበያ የሚወርድ በሬ ገዢ ጥርስ እንደሚቆጥር ሁሉ የጎማውን ዳዶ መቁጠር ይበቃል። እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ረጃጅሞቹ 75ዎች በየጎማው ስድስት ዳዶ አላቸው፤ ፊታቸውም ኋላቸውም ባሌስትራ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት 78፣ ባለ አምስት በሩ 76 እና ፒክአፑ 79 ዳዷቸው አምስት ሲሆን የፊታቸው ባሌስትራ በሞላ ተተክቷል። የፊት ባሌስትራ ያለው ይነጥራል፤ ወገብ ይቆርጣል። ቢሰበር ግን የአንጥረኛ መንፈስ ያለው ማንኛውም ባለ ጋራዥ መንገድ ላይ አስሮ ወደ ቤት ይመልሰዋል።

አገሩን ደግሞ እንይ፤ መኪናው የሚያረጅበትን ሁኔታ የሚወስነው እሱ ነውና። ሲሪንቃ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ላይ ናት። ወደ ሰሜን ወልድያን አልፎ አለውሃን ተሻግሮ የቆቦ ሜዳ አለ፤ ከፍታው 1,470 ሜትር ገደማ ነው። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት ጎሊናና ሆርማት ሜዳውን በአሸዋ ይሞሉታል። ወደ ምሥራቅ የሐብሩ ቆላ እየተንሸራተተ ወደ አፋር ይወርዳል። ወደ ምዕራብ ግን ከወልድያ ተነስቶ በድልብ በኩል የሚወጣው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን እስከ ወረታ የሠሩት መንገድ አለ። ጋሸና ሲደርስ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው 64 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ የዚህ አካባቢ መኪና ጠዋት ቆቦ አሸዋ ላይ ሲዳክር ውሎ ማታ ጋሸና ብርድ ላይ ሊያድር ይችላል።

3,000 ሜትር ላይ አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው በራሱ ሳንባ ብቻ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። ፓምፑ ግን ከፍታን የሚያገናዝብ ተጨማሪ መሣሪያ ካልተገጠመለት በስተቀር የሚረጨውን ናፍጣ አይቀንስም። አየር ሲያንስ ናፍጣው ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል። ስለዚህ ድልብ ዳገት ላይ ጥቁር ያጨሰ ላንድክሩዘር ሁሉ ሞተሩ የሞተ አይደለም። ደላላ ግን ይህንን እውነት የታመመ ሞተር ለመሸፈንም ይጠቀምበታል፤ «ከፍታው ነው ጋሼ፣ ሁሉም እዚህ ያጨሳል» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ያንኑ መኪና መርሳ ድረስ አውርዶ ሜዳ ላይ ማየት። እዚያም የሚያጨስ ከሆነ ከፍታው አይደለም።

ሁለተኛው የከፍታ ነገር ውሃ ነው። ጋሸና ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ከክዳኑ የሚገኘው ግፊት ነው። የላላች የራዲያተር ክዳን ቆላ ላይ ችግሯ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት ላይ ግን መኪናውን ታፈላለች። ዋን ኤችዜድ ደግሞ አንድ ደካማ ጎን ካለው ይኸው ነው፤ አንዴ ክፉኛ ከፈላ ቴስታታው በቫልቮቹ አካባቢ ይሰነጠቃል። ከጥቂት ብር ክዳን የተነሳ ሞተር ይወርዳል። ያረጀ መኪና የገዛ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ምንም ክርክር የራዲያተር ክዳንና ቴርሞስታት ቢቀይር ገንዘቡ አይባክንም።

አሁን ወደ ቀድሞው ሥራ እንመለስ። ሲሪንቃን በአገር ደረጃ ያስጠራት የግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ይህ ማዕከል በማሽላና በጤፍ ላይ ሲሠራ የኖረ ሲሆን፣ ሆርማት፣ ጊራና-1 እና ራያ የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ከዚህ የወጡ ናቸው። የዝርያዎቹን ስም ያየ ሰው የማዕከሉ መኪናዎች የት የት ሲመላለሱ እንደኖሩ መገመት አያቅተውም። የሙከራ ማሳዎቹ ከቆቦ እስከ ጃሪና ጨፋ የተዘረጉ ናቸው። የዚህ ዓይነት ሥራ መኪና ከባድ ጭነት አይሸከምም፤ የዘር ከረጢት፣ ማዳበሪያ፣ ሚዛንና ባለሙያዎች ነው። አይሮጥምም። የሚገድለው አቧራ ነው። በማሳ ዳር መንገድ ቀስ እያለ፣ እየቆመና እየተነሳ ሲሄድ የሚውል መኪና ፍሪሲዮኑ ያልቃል፤ የበር ጎማዎቹ ይደርቃሉ፤ የአየር ፊልትሮው በሰዓቱ ካልተጸዳ አቧራው ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፋሻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የመንግሥት መኪና ሌላም ጠባይ አለው፤ በጀት ሲዘጋ ሰርቪስም ይዘጋል። ስለዚህ ኮድ 4 ሰሌዳ ለብሶ የኖረ መኪና ሲታይ መጀመሪያ የሚከፈተው የአየር ፊልትሮው ቤት ነው። ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጣት ሰድዶ መዳሰስ ነው። ጣቱ አቧራ ይዞ ከወጣ ሞተሩ አቧራ ሲበላ ኖሯል።

አምቡላንስ የባሰ ነው። ይህን የምለው አምቡላንሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ከሐብሩ ቆላ ወደ መርሳ ወይም ወልድያ የሚያደርስ መኪና ከዚህ አገር መኪናዎች ሁሉ የበለጠ ሠርቷል። ችግሩ ሞተሩ ነው። ሌሊት በስልክ ሲጠራ ቀዝቅዞ ያደረው ሞተር ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም፤ ተነስቶ ወዲያው እስከ ጫፍ ይረገጣል። የብረት መበላት ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዘይቱ ገና ሳይሞቅ፣ ሳይሰራጭ ባለው ጊዜ ነው። ፍሬኑ፣ የፊት ኩሽኔታዎቹ፣ ካምቢዮው ሁሉ የጥድፊያ ምልክት አለባቸው። የሳይረንና የውስጥ መብራት ሽቦዎች ሲነቀሉ እንዲሁ ተቆርጠው የተተዉ ይሆናሉ፤ ወለሉ ላይ አልጋው የታሰረበት ቀዳዳ ውሃ አስገብቶ ላሜራውን ያዝገዋል። የአምቡላንስ ጡረታ የሚገዛ ሰው ሞተሩን እንደሚያወርድ አስቦ፣ ያንን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሶ ይግዛ።

የእርዳታ ድርጅት መኪና የሁሉም ሕልም ነው። ዕድ ወይም የተመ የሚል ሰሌዳ የነበረው፣ ፊቱ ላይ የረጅሙ ሬዲዮ አንቴና የተተከለበት ብረት የቀረለት። ሰርቪሱ በመጽሐፍ የተመዘገበ፣ ሹፌሩ በየቀኑ የሄደበትን የሚሞላ፣ ዘይቱ በሰዓቱ የሚቀየር። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ መዝገቡ ከመኪናው ጋር ከመጣ ከየትኛውም መካኒክ ምርመራ ይበልጣል። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ መኪናዎች ሲገቡ ቀረጥ አልተከፈለባቸውም። በጨረታ ሲሸጡ ቀረጡን የሚከፍለው አሸናፊው መሆኑ በጨረታ ሰነዱ ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ ይገኛል። ያንን መስመር ያላነበበ ሰው ርካሽ ያገኘ መስሎት ሲፒኦውን አስይዞ፣ አሸንፎ፣ ከጉምሩክ ሲደርስ የመኪናውን ዋጋ ዳግመኛ ሊጠየቅ ይችላል። የጨረታ ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ወይም በበኲር ጋዜጣ ሲወጣ አጭር ነው፤ ሰነዱ ግን ሳይገዛና እስከ መጨረሻው ሳይነበብ ዋጋ መሙላት ቁማር ነው። ለማየት በተፈቀደው ቀን መካኒክ ይዞ መሄድም የተለመደ ነው፤ መኪናው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ስለሆነ በኋላ መመለስ የለም።

የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ስለተጠቀመበት ፒክአፕ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ተዉት።

የላሊበላ የቱሪስት መኪና ለየት ያለ ታሪክ አለው። ወንበሩ የተጠበቀ፣ ቀለሙ ያማረ፣ ሹፌሩም ባለቤቱ ስለነበር እንክብካቤ ያገኘ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። መቆም ራሱ በሽታ ነው። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ናፍጣ ውሃ ይይዛል፤ የፍሬን ሲሊንደሮቹ ይዝጋሉ፤ የዘይት ሲሎች ደርቀው መኪናው ዳግም በተነሳ በወሩ ከየአቅጣጫው ማንጠባጠብ ይጀምራል። አይጥም ሽቦ ትወዳለች። ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይደለም።

ከጦርነቱ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢው በጦርነት ውስጥ በነበረበት ጊዜ ከመሥሪያ ቤትና ከግለሰብ ደጅ የተወሰዱ መኪናዎች፣ የተቃጠሉና የጠፉ ሰነዶች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ «ሊብሬው በጦርነቱ ጠፍቶ ምትክ ነው» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የቻሲ ቁጥሩ ከፊት የቀኝ ጎማ አጠገብ ዋናው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ብረቱን በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ጠርጎ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ፣ ከዚያም ሰሌዳውን ወደ ሰጠው መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ወስዶ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ የግድ ነው። ቁጥሩ አካባቢ የተፈገፈገ ወይም የተበየደ ምልክት ካለ ሻይ ጠጥቶ፣ አመስግኖ መሄድ ነው።

ወረቀቱን በዚሁ እንጨርስ። በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ መኪና በዚህ አገር ብዙ ነው፤ የስም ማዛወሪያ ክፍያውን ለማዳን ሲባል ሦስተኛው ባለቤት ጋር ደርሶም ሊብሬው በመጀመሪያው ሰው ስም ይገኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው በመሠረቱ ያበቃል። ያን ጊዜ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የባልና የሚስት ሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ስሙ ያልዞረ መኪና የገዙት አይደለም፤ የተዋሱት ነው።

አሁን እጅን በዘይት ወደሚያቆሽሸው እንግባ። ለሻጩ አስቀድሞ ደውሎ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» ማለት ያስፈልጋል፤ ማልዶ መሄድ ነው። ደርሶ መጀመሪያ እጅን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ። ሞቅ ካለ ሻጩ የሚደብቀው የጠዋት አነሳስ አለ ማለት ነው። ከዚያ በብርዱ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት፤ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር የወተት ቀለም ያለው ነገር ከተገኘ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተበላሽቷል። ቁልፉን ሲያዞሩ የካንዴሌታው መብራት በርቶ እስኪጠፋ ጠብቆ ማስነሳት። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ደህና ነው። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን አንስቶ ማየት ደግሞ ከሁሉ የማምነው ፈተና ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ለስላሳ እስትንፋስ ከሆነ ጥሩ፤ ክዳኑን እያነሳ የሚያስጨፍረው ከሆነ ፋሻው አልቋል። ያን ጊዜ ሬክቲፊካ፣ ፒስተን፣ የሳምንታት መጠበቅ ነው።

ኮፈኑ ክፍት እያለ ዲናሞውን ማየት አይረሳ። በዚህ ሞተር ላይ ለፍሬኑ እገዛ የሚሰጠው የቫኩም ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ነው የሚሠራው። የዲናሞው ጀርባ በዘይት ከራሰ ነገ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። ብዙ ሰው የፍሬን ችግሩን ከጎማው ሥር ሲፈልግ ይከርማል።

ከዚያ ሥሩ መግባት ነው፤ ልብስ የሚሳሳ ሰው ያረጀ ላንድክሩዘር አይግዛ። የፊት ጎማ ሲታጠፍ የሚታየው ክብ ብረት በግሪስና በዘይት ድብልቅ ከታጠበ የውስጥ ሲሉ አልፏል፤ ይህ በዚህ መኪና ላይ የተለመደና የሚሠራ ጉዳይ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ለመሸሽ አያበቃም። የሚያሸሸው ቻሲው ነው። የመሪው ሳጥን በሚታሰርበት፣ ባሌስትራው በሚንጠለጠልበት፣ በመካከለኛው አግዳሚ ብረት ላይ አዲስ ብየዳ ወይም በቦታው ብቻ የተቀባ ጥቁር ቀለም ካለ ተሰንጥቆ ነበር። የባሌስትራው ቅጠሎች የተሰበረ የላቸውም? ቦኮላዎቹስ? መኪናውን ከኋላ ሆኖ ቀጥ ብሎ ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል?

ትንሿን የፎርዊል ማንሻ መሞከር ብዙ ገዢ ይዘለዋል። የሚሞከረውም አስፋልት ላይ አይደለም። ይህ መኪና በፊትና በኋላ ዘንግ መካከል የፍጥነት ልዩነት የሚያስተካክል ዲፈረንሻል ስለሌለው በአራቱም ጎማ ሆኖ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ራሱን በራሱ ይጠመዝዛል። ከመንገዱ ወርዶ ጠጠር ወይም አሸዋ ላይ መሞከር ነው። የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹ በእጅ የሚዞሩ ከሆነ ይዞሩ እንደሆነ ማየት፤ ለዓመታት አውራ ጎዳና ላይ ብቻ የኖረ መኪና ማንሻው ዝጎ ተጣብቆ ይገኛል። ማንሻው የማይሠራ ላንድክሩዘር ሆርማት ደለል ላይ ከዶልፊን አይሻልም።

ሙሉ ምርመራው የሚጠናቀቀው ወደ ድልብ በመውጣት ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ የሙቀት መለኪያው ላይ ዓይንን ተክሎ። መርፌው ከመሀል ከፍ ብሎ እዚያው ከቆመ ራዲያተሩ ሊጸዳ ይገባዋል ማለት ነው፤ መውጣቱን ከቀጠለ ዳገቱን እዚያው አቋርጦ መመለስ ነው። ሲወርዱ ደግሞ ሞተሩን በማርሽ ይዞ ማርሹ ከጥርሱ እየዘለለ ይወጣ እንደሆነ ማየት።

ከተገዛ በኋላ ያለው ኑሮ ከግዢው ይረዝማል። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፤ የሚገባው ወደ 10 ሊትር ስለሚጠጋ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ማዘግየቱ ግን ይበልጥ ያስከፍላል። የናፍጣ ጉዳይ ከዚህ አካባቢ ችግር ጋር ይያያዛል። ማደያ ላይ ሲጠፋ ሰው በጀሪካን ይገዛል፤ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ፣ አንዳንዴም ላምባ አለ። የናፍጣ ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ላምባ ቅባት ስለሌለው ፓምፑን ከውስጥ ይበላዋል። በጀሪካን የሚገዛ ሰው ነገሩን ቢያንስ አሳድሮ፣ ሥሩን ትቶ፣ በጨርቅ አጥልሎ ይሙላ። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ የሚወርድባት ትንሽ መክፈቻ አለች፤ በየጊዜው ከፍቶ ጥቂት ማንጠባጠብ ከኖዝል ግዢ ያድናል።

በክረምት ወንዝ የተሻገረ መኪና ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ሞቆ የነበረው ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና መተንፈሻው ከተደፈነ በሲሎቹ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወደ ወተትነት ከተለወጠ ሳይውል ሳያድር መቀየር ነው። ኩሽኔታዎቹም ተፈትተው፣ ታጥበው አዲስ ግሪስ ይፈልጋሉ። ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ አለመግባትም አለ፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ እዚህ ሜዳ ላይ ዝናብ ሳይጥል ሊደርስ ይችላል።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ወልድያና ደሴ የጠፋ ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል ይባላል፤ እውነትም ነው። ይሁንና ኦሪጂናል የሚለው ቃል እዚያ በጣም ሰፊ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ የበር እጀታ፣ መስተዋት፣ ፓራፋንጎ ከየትም ይምጣ፤ ታይሚንግ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ የውሃ ፖምፓና ጓርኒሲዮን ግን ርካሹ አይገዛም። ጥሩ መኪና ላይ የነበረ ያገለገለ ኦሪጂናል ዕቃ ከአዲስ ሐሰተኛ ይሻላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ወደ ላይ ስለሸሸ፣ ሐሰተኛውን የመሞከር ፈተናውም አብሮ ጨምሯል።

ዋጋውን ስንመለከት፣ ይህ ያረጀ ብረት ሚሊዮኖች የሚጠየቅበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ጋሸና መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መሙያ እስኪተከል ድረስ አገር ውስጥ ያለው ላንድክሩዘር ይዞራል፤ ዋጋውም ይወጣል። ለዚህ ነው ሥራው በአስፋልት ላይ ብቻ ለሆነ፣ ከመርሳ ወልድያ ለሚመላለስ ሰው ይህን መኪና የማልመክረው። በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 15 ሊትር ናፍጣ የሚጠጣ፣ ጎማው ውድ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ የሆነ መኪና ከዳገትና ከወንዝ በቀር የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ፍራፍሬ ከሐብሩ ቆላ የሚያወጣ፣ ባለሙያ ወደ ገጠር የሚወስድ፣ እንግዳ ላሊበላ የሚያደርስ ግን ሌላ አማራጭ ብዙም የለውም።

በመጨረሻ ታይሚንግ ቺንጋው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭተው ቴስታታው ይበላሻል። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት አለው፤ ቺንጋውን ሳይነኩ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ግን የማንኛውም ኤሌክትሪሺያን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለና ደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ በገዙ ሰሞን መቀየር ነው፤ የቺንጋው መወጠሪያ ኩሽኔታም አብሮ። የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የቺንጋው መሸፈኛ ላይ በማርከር መጻፍ፣ ደረሰኙንም ከሊብሬው ጋር ማስቀመጥ። መኪናው አንድ ቀን ሲሸጥ፣ መርሳ ላይ የሚመጣው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።